የጸደይ ጄንሺያን፦ ስሟን ለመድኃኒታችን ያዋሰች የተራራ አበባ

በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል ካገለገልን ባለሙያዎች መካከል ጣቱን ወይም ነጭ ጋውኑን ጄንሺያን ቫዮሌት ሳይነካው የቀረ ያለ አይመስለኝም። ወይን ጠጅ ቀለሙ በሳሙና አይለቅም፤ ጠርሙሱም ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ይኖራል። ብዙዎቻችን «ጂቪ» ብለን በአጭሩ ስለምንጠራው ግን የመጀመሪያው ቃል፣ «ጄንሺያን» የሚለው፣ ከየት እንደመጣ የምንጠይቅበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

እኔን የጠየቁኝ አንዲት አያት ናቸው። ከሕክምና ትምህርት ቤት በተመረቅሁበት ዓመት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ የአራት ወር የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መጡ። በሕፃኑ ምላስና በጉንጮቹ ውስጥ እርጎ የመሰለ ነጭ ሽፋን ይታይ ነበር። መድኃኒቱን ቀብቼ ስጨርስ ጠርሙሱን አተኩረው ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይኼ ከምን የተሠራ ነው?» አሉኝ። እኔም ሳላመነታ፣ «ከአበባ ነው እማማ፤ ጄንሺያን ከሚባል የፈረንጅ አገር አበባ» ብዬ መለስሁላቸው። ፊታቸው ፈካ አለ። ከሳምንት በኋላ ሲመለሱ ግን የሕፃኑ አፍ ቆሳስሎ፣ ጡት መያዝ አቅቶት ነበር። «ከአበባ ከሆነማ ምን ይጎዳል ብዬ» ከመድኃኒት መሸጫ ጠንካራውን፣ ያልተበረዘውን ገዝተው፣ ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ሲቀቡት ሰንብተዋል። መቀባቱ ሲቆም ቁስሉ በጥቂት ቀናት ዳነ። ስሕተቱ ግን የእርሳቸው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ጄንሺያን ቫዮሌት ከአበባ አይሠራም፤ በውስጡ የአበባዋ ቅንጣት እንኳ የለበትም።

ያንን መልስ ለማረም ስል አበባዋን ማጥናት ጀመርሁ። ያገኘሁት ነገር ከጠበቅሁት በላይ ለሕክምና ሰው የሚመች ሆኖ ስላገኘሁት ለሙያ ባልደረቦቼ ላካፍል ወደድሁ።

ጄንሺያን የአንድ ዝርያ ስም ሳይሆን 400 ገደማ ዝርያዎችን የያዘ ወገን ስም ነው። አብዛኞቹ በአውሮፓ፣ በእስያና በአሜሪካ ተራሮች ላይ የሚበቅሉ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በውበቷ በጣም የምትታወቀው ጄንሺያና ቬርና፣ ማለትም የጸደይ ጄንሺያን ናት። ቁመቷ ከአመልካች ጣት እምብዛም አይበልጥም። ትንንሽ ቅጠሎቿ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይነጠፋሉ፤ ከመካከላቸው አንዲት አጭር ዘንግ ትወጣና በጫፏ ላይ አንድ አበባ ብቻ ትሸከማለች። አበባዋ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ስፋት አላት፤ አምስት መልካበባዎቿ እንደ ኮከብ ይዘረጋሉ፤ መካከሏ ነጣ ያለ ነው። ቀለሟን በቃላት መግለጽ ይቸግራል። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲጠራ፣ በመስከረም አጋማሽ ቀና ብለን የምናየው ሰማይ የሚቀርባት ይመስለኛል፤ እርሱም ቢሆን ትንሽ ይፈዝባታል።

አበባዋ የምትከፈተው ፀሐይ ሲያገኛት ነው። ደመና ሲጋርድ ወይም አየሩ ሲቀዘቅዝ መልካበባዎቿን ጠምዝዛ ትዘጋለች፤ በዚህም ብናኟን ከዝናብ ትጠብቃለች። ከመልካበባዎቹ በታች ያለው ቱቦ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ጣፋጭ ፈሳሽ መቅዳት የሚችሉት እንደ ቢራቢሮ ያሉ ረጅም ምላስ ያላቸው ነፍሳት ናቸው። በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን ያሉ የተራራ ነዋሪዎች ይህችን አበባ ቤት ያስገባ ሰው መብረቅ ይመታዋል የሚል የቆየ እምነት ነበራቸው። እምነቱ ከምን እንደመነጨ መገመት ቢያዳግትም አበባዋን ከቀጣፊ እጅ ሳይታደጋት አልቀረም።

የምትበቅለው የት ነው ለሚለው ጥያቄ አጭሩ መልስ ከፒሬኔስ እስከ አልፕስና እስከ ባልካን በተዘረጉት የአውሮፓ ተራሮች የሚል ነው። በአልፕስ ከ2,500 ሜትር በላይ ወጥታ ትገኛለች። በረዶው ቀልጦ ሣሩ ሳያድግ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ በቆላማው፣ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ በከፍታው ታብባለች። የኖራ ድንጋይ ያለበትን፣ ስስና ድኻ አፈር ትወዳለች። ብርድ፣ ነፋስና የማዳበሪያ እጦት አያሸንፏትም። የምትሸነፈው በጥላ ነው፤ ከእርሷ የረዘመ ሣር አጠገቧ ከበቀለ ብርሃን ታጣለች፤ አትቋቋመውምም። ስለዚህ «የተራራ አበባ» የሚለው ስም በከፊል ያሳስታል። ተራራውን የመረጠችው ከፍታው ስለሚስማማት ብቻ ሳይሆን ረጃጅሞቹ ተቀናቃኞቿ እዚያ መድረስ ስለማይችሉም ጭምር ነው።

ለዚህ ማረጋገጫ የሚሆነው በምዕራብ አየርላንድ፣ በክሌር ግዛት የሚገኘው በረን የተባለ ስፍራ ነው። በረን ተራራ አይደለም፤ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የተነጠፈ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ነው። የጸደይ ጄንሺያን እዚያ ከባሕር ወለል ጥቂት ሜትሮች ከፍ ባለ መሬት ላይ በብዛት ታብባለች። የበረዶው ዘመን ሲያበቃ ደን አብዛኛውን ዝቅተኛ መሬት ሲያለብስ፣ እንዲህ ያሉት ገላጣ ቦታዎች ብርሃን ወዳድ ለሆኑት ዕፀዋት መሸሸጊያ ሆነው ቀሩ። ዛሬ ቦታውን ክፍት አድርገው የያዙት ግን ከብቶች ናቸው። የበረን ገበሬዎች ከብታቸውን ወደ ከፍታው የሚያወጡት እንደ ሌላው ዓለም በበጋ ሳይሆን በብርዱ ወራት ነው፤ ድንጋዩ በበጋ ያጠራቀመውን ሙቀት ስለሚይዝና መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ከብቶቹ ይመቻቸዋል። ክረምቱን ሙሉ የደረቀውን ሣር ግጠው በጸደይ መጀመሪያ ይወርዳሉ፤ ወዲያው አበባዋ ብቅ ትላለች። ከብቱ ሲሄድ አበባው ይመጣል፤ እርስ በርስ ሳይገናኙ ይተጋገዛሉ። በኋላ ገበሬው ይህን ልማድ እየተወ ሲሄድ ቁጥቋጦ መስፋፋት ጀመረ፤ ከእ.ኤ.አ. 2005 እስከ 2010 በተካሄደ ፕሮጀክት ገበሬዎቹ እየተደገፉ የቀድሞውን ግጦሽ እንዲቀጥሉ ተደርጓል።

ሁለተኛው ስፍራ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው የላይኛው ቲስዴል ነው። በመላው ታላቋ ብሪታንያ የጸደይ ጄንሺያን በተፈጥሮ የምትበቅለው በዚህ ሸለቆ ብቻ ነው። ከ290 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ ዐለት ከአጠገቡ የነበረውን የኖራ ድንጋይ ጠብሶ ወደ ስኳር መሳይ ፍርክስክስ ዕብነ በረድ ለወጠው። ይህ ድንጋይ ሲፈርስ የሚሰጠው አፈር እንደ ስኳር ቅንጣት የላላ፣ ቶሎ የሚደርቅና ምግብ አልባ ነው፤ ሌላው ዕፅ ሲጠላው እርሷ ቤቷ አደረገችው።

የቲስዴል ታሪክ ያለ ክርክር አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቲስ ወንዝ ግርጌ ለነበሩት የኬሚካል ፋብሪካዎች ውኃ ለማቅረብ ካው ግሪን በተባለው ቦታ ግድብ እንዲሠራ ታቀደ። የዕፀዋት ሊቃውንት በብርቱ ተቃወሙ። የእንግሊዝ ፓርላማ ግን እ.ኤ.አ. በ1967 ፈቀደ፤ ግድቡም በ1971 ተጠናቀቀ፤ ብርቅ ዕፀዋት ከነበሩበት መሬት የተወሰነው በውኃ ተዋጠ። የፋብሪካዎቹ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ማካካሻ ይሆን ዘንድ ለአካባቢው ጥናት ገንዘብ መድቦ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሕግ፣ አበባዋን መንቀልም ሆነ መቅጠፍ ተከለከለ።

ነገሩ በሕግ የተዘጋ ይመስል ነበር። ሆኖም ቲስዴልን ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት የዕፀዋት ተመራማሪ ዶክተር ማርጋሬት ብራድሾው በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቆጠሩትን ብርቅ ዕፀዋት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ደግመው ሲያስቆጥሩ ብዛታቸው በአማካይ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። የቀጠፈ የለም፤ የቆፈረም የለም። ለመቀነሱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የበጎች ቁጥር መቀነስ ነው። ከዓመታት በፊት በጎች በዝተው መሬቱን ጎድተውታል በሚል ተቀነሱ፤ ሣሩ ረዘመ፤ ትንንሾቹ አበቦች ከሥሩ ታፈኑ።

እዚህ ላይ ስደርስ ለሐኪም እንግዳ ያልሆነ ነገር ያነበብሁ መሰለኝ። በጉ ሲበዛ መርዝ ነው፤ ሲጠፋም በሽታው ያገረሻል፤ በመካከል ያለው መጠን ደግሞ ጠባብ ነው፤ ከዓመት ዓመትና ከቦታ ቦታም ይለያያል። ከዲጎክሲን ጋር የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት የዕፀዋት ትምህርት አያስፈልገውም።

በአልፕስ ከፍታ ላይ ያሉት ጄንሺያኖች የሚያሰጋቸው ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በ302 የአውሮፓ ተራሮች አናት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የተሰበሰቡ መዛግብትን አመሳክሮ፣ ከ2007 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ወደ ተራሮቹ ጫፍ የደረሱት አዳዲስ የዕፀዋት ዝርያዎች ከሃምሳ ዓመት በፊት ከነበረው ተመሳሳይ ጊዜ አምስት እጥፍ መሆናቸውን አሳይቷል። ምክንያቱ የአየሩ መሞቅ ነው። ለጊዜው ጫፎቹ በዝርያ የበለጸጉ ይመስላሉ። ነገር ግን ከታች የሚመጡት እንግዶች ረጃጅሞችና ፈጣኖች ናቸው፤ ትንንሾቹ ነባሮች ደግሞ ከተራራው ጫፍ በላይ የሚሸሹበት ቦታ የላቸውም።

በአገራችንስ? በስሜንና በባሌ ተራሮች፣ ከአስታው ጫካ በላይ ጅባራ በቆመበት ውርጫማ ምድር፣ እውነተኛው ጄንሺያን አይበቅልም። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ስዌርሽያ የተባለው ወገን ግን አለ፤ አንዱ ዝርያ እንዲያውም ስዌርሽያ አቢሲኒካ የሚል የሳይንስ ስም ተሰጥቶታል። አበቦቹ አነስ ያሉ፣ የተከፈቱ ኮከቦች ናቸው። እነዚህም ከላይ መሸሻ የሌላቸው የከፍታ ነዋሪዎች በመሆናቸው ስለ አልፕስ የተባለው ለእነርሱም ይሠራል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ጄንሺያን በሕክምና ታሪክ ውስጥ የገባው በትንሿ ሰማያዊ አበባ ሳይሆን ቁመቱ ከአንድ ሜትር በሚበልጠው ታላቅ ወንድሟ፣ በቢጫው ጄንሺያን ነው። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚለው ስሙ የተወሰደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት በሮማውያን ድል ከተነሣው የኢሊሪያ ንጉሥ ከጌንቲዎስ ነው። የሥሩን ጥቅም ያወቀው እርሱ ነው ይባላል። ሥሩ እጅግ መራራ ነው፤ አማሮጄንቲን የተባለው ንጥረ ነገሩ በ58 ሚሊዮን እጅ ውኃ ተበርዞ እንኳ በምላስ ይታወቃል። ኮሶ የጠጣ ሰው መራራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ቢል ተሳስቷል ማለት ነው። ለዘመናት ሥሩ የምግብ ፍላጎት ለመክፈት ሲታዘዝ ኖሯል፤ በአልፕስ አካባቢም እስካሁን አረቄ ይጣልበታል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ አረቄ ነው። በዚያው መስክ ቬራትረም አልበም የተባለ መርዛማ ተክል አብሮ ይበቅላል፤ አበባ ከማውጣታቸው በፊት ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ቢጫው ጄንሺያን ለመጀመሪያ ጊዜ አበባ ለማውጣት ዐሥር ዓመት ያህል ስለሚፈጅበት መምታታቱ ብርቅ አይደለም። መለያው ቅጠሉ ነው፦ የጄንሺያን ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ የቬራትረም ቅጠሎች ግን እየተፈራረቁ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ሥራቸውም ጠጉራም ነው። በስሕተት ቬራትረም የተዘፈዘፈበትን አረቄ የጠጡ ሰዎች በአውሮፓ የሕክምና መጽሔቶች ላይ በተደጋጋሚ ተዘግበዋል። ማቅለሽለሽና ብርቱ ትውከት ይጀምራቸዋል፤ ቀጥሎ የልብ ምታቸው ይዘገያል፤ የደም ግፊታቸው ይወርዳል። የተክሉ አልካሎይዶች የሶዲየም ቻናሎችን ክፍት አድርገው ስለሚያቆዩ ከልብ ወደ አንጎል የሚሄደው የቬገስ ነርቭ ያለማቋረጥ መልእክት ይልካል። በትምህርት ቤት የቤዞልድና ያሪሽ ምላሽ ተብሎ የተማርነው ይኸው ነው፤ ቤዞልድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1867 ክስተቱን የገለጸው የቬራትረም ጭማቂ በእንስሳት ላይ ሞክሮ ነበር። ሕክምናው አትሮፒን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ካልበቃም የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። አብዛኞቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ያገግማሉ።

ቬራትረም በእኛ አገር ችግር አይደለም። ሥርዓቱ ግን ያው ነው፤ ትውከትና የዘገየ የልብ ምት ይዞ የመጣ ጤነኛ ጎልማሳ ሲያጋጥመን ምን ሥር ወይም ቅጠል ቀቅሎ እንደጠጣ ያለ ነቀፋ መጠየቅ፣ የቀረ ካለም እንዲያመጣልን መለመን ተገቢ ነው። ነቅፈን ከጠየቅን አይነግረንም።

የጠርሙሱ ታሪክ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ሻርል ሎት የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ሜቲል ቫዮሌት የተባለውን ሰው ሠራሽ ቀለም ሠራ። ያ ዘመን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በተገኘው አኒሊን ለጨርቅ ማቅለሚያ የሚሆኑ ቀለሞች በየጊዜው የሚፈለሰፉበት ነበር። በ1880 ጀርመናዊው ግሩብለር ለዚህ ዓይነቱ ቀለም ጄንሺያን ቫዮሌት የሚል የንግድ ስም ሰጠው፤ መልኩ የአንዳንድ ጄንሺያኖችን መልካበባ ስለሚመስል እንጂ ሌላ ዝምድና ኖሮት አይደለም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ ሃንስ ክርስቲያን ግራም በበርሊን የሳንባ ምች ባክቴሪያዎችን ለይቶ ለማየት የተጠቀመው በዚሁ ቀለም ነው፤ ዛሬም በየላቦራቶሪያችን «ግራም ፖዘቲቭ» ስንል ሐምራዊውን ቀለም አልለቅም ያለውን ማለታችን ነው። በ1912 አሜሪካዊው ቸርችማን ቀለሙ እነዚህኑ ባክቴሪያዎች ማቅለም ብቻ ሳይሆን እንዳይራቡም እንደሚያግድ አሳየ። ወደ ቁስልና ወደ ሕፃናት አፍ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ቀለም ነውና እንደ ቀለም መያዝ ይኖርበታል። የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ ለአፍ የሚያዘው ግማሽ ጥንካሬ ያለውን፣ ማለትም 0.25 በመቶውን ነው፤ 0.5 በመቶው ካለ በእኩል መጠን ንጹሕ ውኃ ይበረዛል። ከመቀባቱ በፊትና በኋላ እጅ ይታጠባል፤ የሕፃኑ አፍ ጨው ባለው ውኃ በራሰ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጸዳል። ከዚህ የጠነከረው የአፍን ስስ ሽፋን ያቆስላል፤ በዚያ ሕፃን አፍ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ኒስታቲን በሚገኝበት ቦታ አማራጭ አለ። ቀለሙ በብዛት ተመግበውት በነበሩ አይጦች ላይ ካንሰር ማምጣቱ ስለታየ የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሕዝቡ መጠቀሙን እንዲያቆም መክሯል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋምም በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው መካከል መድቦታል። በአጭር ጊዜና በትንሽ መጠን የሚቀባ ሕፃን የሚደርስበት አደጋ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይመስለኝም፤ ሌላ መድኃኒት በሌለበት ጤና ጣቢያም ጠርሙሱን እንጣል አልልም። ነገር ግን ለእናቲቱ «ለሚቀጥለውም ያገለግልሻል» ብሎ ጠርሙሱን ሙሉ መስጠት ትክክል አይደለም።

ያቺን አያት ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። መድኃኒቱ ከአበባ እንዳልሆነ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ዘመድ እንደሆነ፣ አበባዋም በሩቅ አገር በድንጋይ መካከል የምትበቅል ሰማያዊ እንደሆነች ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ስሟን ለምን ሰጧት?» አሉኝ። መልኩ ይመስላታል ተብሎ ነው አልኋቸው። የልጅ ልጃቸው በዚያን ጊዜ ቁጭ ብሎ የጋውኔን ቁልፍ ይጎትት ነበር።